ከእድራችን ዕቃ ቤት ሥር የወለደችው ውሻ፦ የእንስሳት ሐኪም ወደ ሰፈር ማምጣት አይቻልም ወይ?

መነሻ ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ጫፍ፣ ከኮተቤ ከፍ ብሎ ባለ ሰፈር ነው። የእድራችን ዕቃ ቤት ወለሉ ከመሬት ትንሽ ከፍ ያለ የቆርቆሮ ቤት ነው፤ ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩና ትልልቁ ብረት ድስት የሚቀመጠው እዚያ ነው። ኅዳር መግቢያ ላይ አንዲት ቡናማ ሴት ውሻ ከወለሉ ሥር ገብታ ሰባት ቡችሎች ወለደች።

አምናም እዚያው ወልዳ ነበር። ያን ጊዜ የሆነውን መጻፍ ይከብደኛል፤ ካልጻፍኩት ግን ጥያቄዬ አይገባችሁም። ቡችሎቹ ዓይናቸውን ሳይገልጡ አንድ ሰው በማዳበሪያ ከረጢት ሰብስቦ ወንዝ ውስጥ ጣላቸው። እናቲቱ ከዕቃ ቤቱ እስከ ወንዙ ሌሊትና ቀን እየተመላለሰች ጮኸች። ጡቷ በወተት ተወጥሮ ስትራመድ ያማት ነበር። በሦስተኛው ቀን በአጠገቧ ያለፈውን የጎረቤቴን የስድስት ዓመት ልጅ ባቱ ላይ ነከሰችው። ክትባት ፍለጋ ከአንዱ መድኃኒት ቤት ወደ ሌላው ስንዞር ዋልን። አንዱ ጋ የለም፤ ሌላው ጋ ያለው ደግሞ ዋጋው የልጁ አባት በቀን ሥራ በወር ከሚያገኘው ይበልጣል። ጎረቤት አዋጥቶ ልጁ ተከተበ፤ ደህና ነው። ውሻዋም አላበደችም።

ዘንድሮ ነገሩ እንዳይደገም ብዬ ውሻዋን ለማስመከን ወደ አንድ የግል ክሊኒክ ሄድኩ። የተነገረኝ ዋጋ ከጡረታዬ በላይ ነው። ቢኖረኝም ውሻዋን የማደርስበት የለኝም፤ ታክሲ ውሻ አይጭንም። ጥያቄዬ ይህ ነው፦ እድራችን ድንኳን፣ ወንበር፣ ውሃ ማፍያና ሰው የሚያስተባብር ኮሚቴ አለው። ለአንድ ቀን የእንስሳት ሐኪም ቀጥረን ወደ ሰፈራችን ብናመጣስ? እንዲህ ያደረገ ሰፈር የሚያውቅ አለ? እኔ የማምነው ሕዝባችን በውሻ ላይ የሚጨክነው ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ ሌላ መንገድ ስላጣ ነው።

ከዚህ በታች ያለው የመጡት መልሶች ይዘት ነው። ክሩ ረዝሞ ለሚከተል ሰው ስላስቸገረ በተራ ቁጥራቸው አጠናቅሬዋለሁ።

መልስ 1። መጀመሪያ የጻፉት ከሐዋሳ አንድ አባት ናቸው። ካመሰገኑኝ በኋላ ውሻዋ የማን ናት ብለው ጠየቁ። ባለቤት ከሌላት ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ማን ያስታምማታል፣ በዓመቱስ ማን ያስከትባታል ነው ሥጋታቸው። ተገቢ ጥያቄ ነው። ባለቤት ነበራት ብዬ መለስኩላቸው። የቀበሌ ቤታቸው ሲፈርስ ቤተሰቡ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ደረሰው፤ እሷ ቀረች። የግቢው በር በነበረበት ቦታ፣ በፍርስራሹ መካከል፣ ለሳምንታት ተኝታ ጠበቀች። ከዚያ ወደ እድሩ ዕቃ ቤት መጣች። እስከ አሁን ስም የሚጠራት የለም።

መልስ 2። ቢሾፍቱ የሚኖሩ፣ በሙያው ብዙ ዘመን የቆዩ የእንስሳት ሐኪም ሰፊ መልስ ጻፉ። በአክብሮት ግን ሳያለባብሱ አረሙኝ። በጽሑፌ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ ላይ አጣብቄያለሁ። ማምከን ብቻውን የእብድ ውሻን በሽታ አያቆምም፤ የሚያቆመው ክትባት ነው። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች ቢያንስ 70 በመቶው ሲከተቡ የበሽታው መተላለፊያ ይቋረጣል። ማምከን የሚረዳው በሌላ በኩል ነው። ሴት ውሻ በዓመት ሁለት ጊዜ ያህል ለስሪያ ትደርሳለች፤ እርግዝናዋ 63 ቀን ገደማ ነው፤ ስለዚህ ያልተከተቡ ቡችሎች በላይ በላዩ እየተጨመሩ ዘንድሮ የተደረሰበትን 70 በመቶ በሚቀጥለው ዓመት ያወርዱታል። ቅደም ተከተሉ እንግዲህ ግልጽ ነው፦ መጀመሪያ ሁሉንም መከተብ፣ በዚያው ቀን ደግሞ አቅም በፈቀደ መጠን ሴቶቹን ማምከን። የኛዋን አራስ በተመለከተ፣ ቡችሎቹ ጡት ትተው ወተቷ ሳይደርቅ ቢላዋ እንዳይነካት አጥብቀው አሳሰቡ። ቡችሎቹም ሦስት ወር ሲሞላቸው ይከተቡ።

ይህን መልስ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ተሳስቼ ነበር፤ እርማቱን ተቀብያለሁ።

መልስ 3። አንዲት እህት በአጭሩ፣ ለአንድ ሰው ሃምሳ ሎሚ ሸክም ቢሆንም ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው የሚለውን አስታውሳ፣ እድር የዚህ ተረት ሥጋ የለበሰ መልክ አይደለም ወይ ስትል ጠየቀች።

መልስ 4። እዚህ ላይ ውይይቱ ተቆጣ። ጸሐፊው ሰው መድኃኒት አጥቶ በሚሞትበት አገር ስለ ውሻ ማህፀን መነጋገር ቅንጦት ነው አለ። የኔንም ጽሑፍ ፈረንጅ የማስመሰል ጉዳይ አድርጎ ቆጠረው። ከታች በሁለት መስመር እናቱ በሳምንት ሁለት ቀን ኩላሊቷን እንደምትታጠብና ለዚያ ቤት መሸጣቸውን ጽፏል። ቁጣው ከየት እንደመጣ ከዚያ ገባኝ። ብዙ ሰው እነዚያን ሁለት መስመሮች ሳያነብ ነው የመለሰለት።

መልስ 5። በትክክል የመለሰችለት ደሴ አካባቢ በጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ ናት። ወንድሜ ብላ ጀምራ ለእናቱ ምሕረትን ተመኘች። ቀጥላም ነገሩ የውሻ ብቻ አለመሆኑን አስረዳች። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት በዓመት ወደ 59,000 ሰው በዚህ በሽታ እንደሚሞት ያሳያል፤ አብዛኛው በእስያና በአፍሪካ ነው። በሽታውን ወደ ሰው የሚያመጣው ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ውሻ ነው፤ ከተነከሱት ከአሥሩ አራቱ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን ሕክምና የለም። አንድ ልጅ አይታለች። ውሃ ስጡኝ ይላል፤ ኩባያው ከንፈሩ ሲነካ ጉሮሮው ይታነቃል፤ እየጠማው ኩባያውን በእጁ ይገፋል፤ እንደገና ውሃ ይላል። ከዚህ በላይ አልጻፈችም።

የተነከሰ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ቁስሉን በሚወርድ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ እንዲያጥብ፣ የባህል መድኃኒት ፍለጋ ቀን ሳያባክን በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም እንዲሄድ አሳሰበች። አንድን ውሻ ለመከተብ የሚወጣው ገንዘብ የተነከሰን ሰው ለመከተብ ከሚወጣው ጋር የሚነጻጸር እንኳ አይደለም ብላ ደመደመች። የመልስ 4 ጸሐፊ በኋላ ተመልሶ አመስግኗታል። እኔም ስለ እናቱ ጠይቄዋለሁ።

መልስ 6። ጉለሌ ያደጉ አዛውንት ልጅ ሳሉ ተነክሰው ፓስተር የተወሰዱበትን ዘመን አወሩልን። የዛሬው የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ያለበትን ቦታ የሰፈሩ ሰው እስከ ዛሬ ፓስተር ነው የሚለው። በበግ አንጎል የሚዘጋጀው የዱሮው ክትባት ለ14 ቀናት በየቀኑ ሆድ ላይ ይወጋ ነበር። እናታቸው በየጠዋቱ ከመርፌው በኋላ ብስኩት ይገዙላቸው እንደነበር፣ ከዚያ ወዲህ ብስኩት ሲያዩ ሆዳቸው እንደሚጨመደድ ጻፉ።

መልስ 7። አንድ መምህር ከፓስተር ስም ተነስቶ ወደ ታሪኩ ወሰደን። ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1885 ጆሴፍ ማይስተር የተባለውን የ9 ዓመት ልጅ ከተነከሰ በኋላ ከተበው፤ ልጁ ዳነ። ፓስተር የሞተበት ዕለት፣ የፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 28፣ ዛሬ የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን ሆኖ ይታሰባል። በእኛ አቆጣጠር መስከረም 18 ነው፤ የመስቀል ማግስት። ደመራ ላይ ሰፈሩ ሁሉ ስለሚሰበሰብ የክትባቱን ዕለት እዚያ ማሳወቅ ይቻላል የሚል ጥሩ ሐሳብ ጨመረ።

መልስ 8። ሌላ ሰው ቶሎ ብሎ አረመው። ጳጉሜን ስድስት ቀን ከሆነች በኋላ በሚመጣው ዓመት ሴፕቴምበር 28 የሚውለው በራሱ በመስቀል ዕለት ነው፤ በ2016 ዓ.ም. የሆነው እንዲሁ ነው። መምህሩ እርማቱን በደስታ ተቀበለ።

መልስ 9። አንድ ሰው ይህ ሁሉ ወሬ ምን ያስፈልጋል ብሎ በመርዝ መጨረስ ነው አለ። ድሮ እንዲያ ይደረግ ነበር፤ ከተማውም ንጹሕ ነበር ባይ ነው።

መልስ 10 እስከ 13። እነዚህን ሳልዘረዝር አልፋለሁ። ሁለቱ ሰድበውታል፣ አንዱ ደግፎታል፣ አራተኛው ሰዳቢዎቹን ሰድቧል። ስድቦቹ እንዲነሡ ጠይቄ ተነሥተዋል።

መልስ 14። በዚህ ክር ውስጥ አንድ መልስ ብቻ አንብቡ ብባል ይህን እመርጣለሁ። የጻፉት ሰው በወጣትነታቸው በአንድ ከተማ የጽዳት ሠራተኛ ሆነው መርዝ የነሰነሱ ናቸው። ማታ ማታ በመኪና እየዞሩ ስትሪክኒን የተቀባ ሥጋ በየማዕዘኑ ይጥላሉ፤ ሊነጋጋ ሲል ተመልሰው ሬሳውን ይሰበስባሉ። ውሻው ወዲያው አይሞትም፤ ሰውነቱ እንደ ቀስት እየተገተረ ይንፈራገጣል፣ አእምሮው ግን ንቁ ነው። አንድ ንጋት የሰበሰቡት ውሻ አንገቱ ላይ የክትባት ምልክት ያለው ማሰሪያ ነበረው። አንዲት ሴት ልጅ የትምህርት ቤት ልብሷን እንደለበሰች በር ላይ ቆማ ስታያቸው፣ ውሻውን መኪናው ላይ ወርውረው ማለፍ አቃታቸው፤ አውርደው ሰጧት።

ነገራቸው በዚህ አላበቃም። በሁለት በሦስት ወር ውስጥ ውሾቹ እንደነበሩት ይሆናሉ አሉ። ምክንያቱም ከሥጋ ቤቱ የሚጣለው አጥንትና የቆሻሻው ክምር እዚያው አለ፤ የሞተውን ቦታ ከዳር የመጣ ይይዘዋል፣ የተረፈችው ሴት የወለደቻቸው ይበዛሉ። የተከተበው ሞቶ በምትኩ ያልተከተበ ይገባል። በመርዙ ጥንብ አንሳና ጅብም ይሞታል። መልስ 9 የጻፉትን ሰው አንቱ ብለው፣ ሳይሰድቡ፣ እኔ ያየሁትን ቢያዩ እንዲህ አይሉም ነበር ብለው ጨረሱ።

መልስ 15። ይህንኑ የሚደግፍ ምሳሌ ከኢንዶኔዥያ መጣ። ባሊ ደሴት ላይ እ.ኤ.አ. በ2008 በሽታው ሲገባ መጀመሪያ የተደረገው ውሾቹን በብዛት መግደል ነበር፤ ወረርሽኙ ግን ደሴቱን አዳረሰ። ነገሩ መርገብ የጀመረው ከ2010 ወዲህ በየመንደሩ ሰፊ ክትባት ሲሰጥ ነው። ሰው ውሻው እንዳይገደልበት ሸሽጎ ወደ ሌላ መንደር ይወስዳል፤ በሽታውም አብሮ ይጓዛል። ይህኛው ነጥብ ለእኛም ይሠራል። እኛ ሰፈር የመርዝ ወሬ ሲሰማ ውሻውን ወደ ገጠር ዘመድ የሚልክ አለ።

መልስ 16። ከአሜሪካ፣ ሜሪላንድ የምትኖር እህት የዚያን አገር ልምድ አካፈለች። እዚያም ቢሆን ነገሩ ከሰማይ አልወረደም። ሎስ አንጀለስ በከተማው ገንዘብ በዝቅተኛ ዋጋ ውሻና ድመት የሚያመክን ክሊኒክ የከፈተችው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። ዛሬ በብዙ ከተሞች ውስጡ የቀዶ ሕክምና ክፍል የሆነ መኪና ገቢያቸው ዝቅተኛ ወደሆነ ሰፈሮች ይሄዳል። ኢትዮጵያውያን ጎረቤቶቿ ግን ስለዚህ አገልግሎት አያውቁም፤ ማስታወቂያው በአማርኛ ስለሌለ ሙሉ ዋጋ ይከፍላሉ ወይም ይተዉታል። አሁን በቤተ ክርስቲያን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በአማርኛ ጽፋ ትለጥፋለች።

መልስ 17። አንድ ወጣት የእሷን መልስ በቁጣ ተቀበለው። የውጭ አገር ምሳሌ ለእኛ አይሠራም፤ የእነሱ ውሻ ሶፋ ላይ ይተኛል፣ የእኛ ግን ሌሊት ግቢ ይጠብቃል፣ ቀን በር ሲከፈት ይዞራል አለ። አነጋገሩ ሻካራ ቢሆንም ውስጡ እውነት አለ። መንገድ ላይ የምናያቸው ብዙዎቹ ውሾች ባለቤት አላቸው፤ ማታ የሚገቡበት በር አለ። ስለዚህ ባለቤት የለሽ ብለን ከመሰብሰብ ይልቅ በር እያንኳኳን ብንመዘግብ ብዙውን እናገኘዋለን። መልስ 16 የጻፈችው እህት እኔም ያልኩት መኪናውን ሳይሆን ወደ ሰው መሄዱን ነው ብላ መለሰችለት። ተግባቡ።

መልስ 18። አንድ አባት ማምከን የፈጣሪን ሥራ መንካት እንዳይሆን እፈራለሁ ብለው በትሕትና ጻፉ።

መልስ 19። ከገጠር የመጣ አርሶ አደር መለሰላቸው። እኛ ሙክት የምናደልብ፣ ወይፈን ቀጥቅጠን በሬ አድርገን የምናርስ ሕዝብ ነን፤ ይህን ኃጢአት ነው ያለ ሽማግሌ ሰምቼ አላውቅም አለ። ከኮምቦልቻ አንዲት ሙስሊም እናት ተከትለው፣ በሃይማኖታቸው ውሻ ቤት ውስጥ ባይገባም ለጥበቃ ማሳደር እንደሚፈቀድ፣ ለተጠማ ውሻ ከጉድጓድ ውሃ ቀድታ ያጠጣች ኃጢአተኛ ሴት በዚያ ሥራዋ ምሕረት እንዳገኘች ከሐዲስ ልጆቻቸውን እንደሚያስተምሩ ጻፉ። ውሻቸውን የሚያስከትቡበት ቦታ ግን አጥተዋል። ክትባቱ ለእሳቸው ላም አለኝ በሰማይ ሆኖባቸዋል።

መልስ 20 እስከ 22። ክሩ እዚህ ላይ ወደ ጅብ ሄደ። ውሻ ከሌለ ጅቡን ማን ይከለክላል የሚል ተነሣ፣ ሐረር ጅብ ስለሚያበሉት ሰዎች ወሬ መጣ፣ ከዚያም አንድ ጋሪ ነጂ ስለ አህያው ጀርባ ቁስል ጠየቀ። ለአህያው ብቻ መልስ ልጥቀስ፦ ሐኪሙ ኮርቻው ሥር የሚደረገው ጨርቅ እንዲወፍርና የአከርካሪው አጥንት ላይ ጭነት እንዳያርፍ፣ ቁስሉ በጨው ውሃ ታጥቦ አህያው እስኪድን ከጭነት እንዲያርፍ መከሩት። ለዕለት እንጀራው ማረፍ እንደማይችል ሲጽፍ፣ ቢያንስ ጭነቱ በጋሪ ብቻ እንዲሆን ተስማሙ። የርካሽ ሕክምና ጥያቄ የውሻ ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ አየሁ።

መልስ 23። ከባሌ፣ ዲንሾ አካባቢ የጻፈ ሰው ያልጠበቅኩትን በር ከፈተ። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በባሌ ተራሮች ናቸው። እረኛው ከብቱን ከጅብ የሚጠብቅለት ውሻ ይዞ ወደ ደጋው ሜዳ ይወጣል። ውሻው ካበደ ቀበሮዎቹን ይነክሳል። ቀበሮዎች በቤተሰብ አንድ ላይ ስለሚኖሩ አንዱ ከታመመ ብዙው ያልቃል። በ1990ዎቹ መጀመሪያና በ2003 እ.ኤ.አ. የደረሰው እልቂት እንዲህ ነው የመጣው። ለዚህ ሲባል በፓርኩ ዙሪያ ያሉ መንደሮች ውሾች ለዓመታት ሲከተቡ ቆይተዋል። እሱም የበረዶ ሳጥን በፈረስ ጭኖ አብሮ ዞሯል። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሙቀት ውስጥ መቆየት ስላለበት ገና ሳይነጋ ይነሣሉ። ትምህርቱን እንዲህ አስቀመጠው፦ ውሻህን አምጣ ብለው ሲጠሩ የሚመጣው ጥቂት ነው፤ ከብቱ ውሃ የሚጠጣበት ቦታ ሄደው ሲጠብቁ ግን ሁሉም እዚያ አለ።

መልስ 24። የቢሾፍቱው ሐኪም ተመለሱ፤ ሥራው ምን እንደሚጠይቅም ሳይደብቁ ዘረዘሩ። ወለሉ የሚታጠብ ክፍል፣ ወገብ የሚደርስ ጠንካራ ጠረጴዛ፣ የፈላ ውሃ። ውሻዋ ከመደንዘዟ በፊት ትመዘናለች፣ ማደንዘዣው በኪሎ ስለሚሰላ፤ የእህል ነጋዴ ተንጠልጣይ ሚዛን ይበቃል። ዛይላዚንና ኬታሚን ሲሰጣት ዓይኗን እንደገለጠች ትደነዝዛለች፤ ስለዚህ ዓይኗ እንዳይደርቅ ቅባት ይደረግላታል። ሆዷ ተላጭቶ በአዮዲን ይጠረጋል፤ ከእምብርቷ ዝቅ ብሎ በጥቂት ሴንቲሜትር ይከፈታል፤ የደም ሥሮቹ ተቋጥረው ማህፀኗ ይወጣል፤ በሦስት ደረጃ ይሰፋል። ያን ጊዜ ሰውነቷ ስለሚቀዘቅዝ ጋቢ ይደረብባታል፣ ሙቅ ውሃ የተሞላ የሃይላንድ ጠርሙስ በጨርቅ ተጠቅልሎ በጎኗ ይቀመጣል። ስፌቱን እንዳትልሰው አሮጌ ካናቴራ ለአራት እግሯ ቀዳዳ ወጥቶለት ትለብሳለች። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ከዚያ በኋላ ያሉት ሦስት ሌሊቶች ናቸው፤ ደረቅና የተዘጋ ቤት ያስፈልጋታል። ቤት ያልተዘጋጀላትን ውሻ እኔ አልከፍትም አሉ።

አንድ ሐኪም ከአንድ ረዳት ጋር በቀን ስምንት ውሻ ቢሠራ በቂ ነው፤ አርባ እንሥራ የሚል ሰው ከመጣ እንዳታምኑት ብለው አስጠነቀቁ። ወጪውን ለመቀነስ የእንስሳት ሕክምና ተማሪዎች በመምህራቸው ቁጥጥር ሥር ቢያግዙ ለሁለቱም ወገን ይጠቅማል አሉ። ለራሳቸው የጠየቁት መጓጓዣና የመድኃኒቱን ዋጋ ብቻ ነው።

መልስ 25። የሌላ ሰፈር እድር ገንዘብ ያዥ በጠንካራ ቃል ተቃወሙ። እድር ለቀብርና ለሐዘን ነው፤ መተዳደሪያ ደንቡ ለውሻ ገንዘብ አውጡ አይልም፤ ነገ አባል ሲሞትበት የሚሰጠው ቢያጥር ማን ይጠየቃል? ጠቅላላ ጉባኤ ሳይወስን አንድ ብር እንዳይነካ አሉ። አነጋገራቸው ጎምዛዛ ቢሆንም ልክ ናቸው፤ እኔም ይህን አስቀድሜ ማሰብ ነበረብኝ። የእድሩን ዕቃና ጥሩምባ ነፊ እንጂ ገንዘቡን አንነካም፤ መዋጮው ውሻ ካለውና ፈቃደኛ ከሆነው ብቻ ይሰበሰባል ብዬ መለስኩ። እንደዚያ ከሆነ ተቃውሞ የለኝም አሉ።

መልስ 26። ነርሷ እንደገና መጥታ አንድ ነገር አስታወሰች። በበዓል ስናርድ ውሃ የቋጠረ ሳንባ ወይም ጉበት ስናገኝ ለውሻ እንጥላለን። በውሻው ሆድ ውስጥ ያ የተቋጠረው ትል ይሆናል፤ እንቁላሉ በኩሱ ይወጣል፤ በግቢው አፈር የሚጫወት ልጅ እጁን ሳይታጠብ ሲበላ ወደ እሱ ይገባል። ከዓመታት በኋላ በሰው ጉበት ላይ ያው የውሃ ከረጢት ይበቅላል። ስለዚህ ያ ሳንባ ተቃጥሎ ወይም በጥልቀት ተቀብሮ ይወገድ፤ ሐኪሙ በመጣበት ቀን ለውሾቹ የትል መድኃኒትም ይሰጥ። እኔ ራሴ ዕድሜዬን ሙሉ ስጥል ኖሬያለሁ። ዘንድሮ ገና ላይ ቀብሬዋለሁ።

መልስ 27። የመልስ 9 ጸሐፊ ተመልሶ ጻፈ። የጽዳት ሠራተኛውን ታሪክ አንብቧል። ሐሳቡን እንደለወጠ አልተናገረም፤ የእሱ ሰፈር ልጆች ግን በየቀኑ ትምህርት ቤት ሲሄዱ ዱላ ይዘው እንደሚወጡ፣ ማንም ደርሶላቸው እንደማያውቅ፣ ለዚህ ነው የመረረው አለ። ሐኪሙ እኛ ጋ ሲመጡ መጥቶ እንዲያይ ጋብዤዋለሁ።

መልስ 28። የመጨረሻው ጠያቂ ያች ቡናማ ውሻ ምን ሆነች አለኝ።

ለሁላችሁም የደረስንበትን ልጻፍ። ጉባኤው ታኅሣሥ ላይ ተሰብስቦ ዕቃ ቤቱና ወንበሩ እንዲሰጡን ፈቀደ። የሰፈሩ ልጆች በደብተር ይዘው በር ለበር እየዞሩ 41 ውሾች መዘገቡ፤ ከእነዚህ ባለቤት ያልተገኘላቸው ዘጠኝ ብቻ ናቸው። የዝርዝሩ መጨረሻ ላይ አንዱ ልጅ የቡናማዋን ስም ዳማ ብሎ ጽፏል። ከሰባቱ ቡችሎች ሁለቱ በብርድ ሞቱ፤ ለሦስቱ ቤት ተገኝቷል። ጡት ትተዋል፣ ወተቷም ደርቋል። ሐኪሙ ከሁለት ተመራቂ ተማሪዎች ጋር ከጥምቀት በኋላ ባለው ቅዳሜ ይመጣሉ። ጥሩምባ ነፊያችን ዋዜማውን ሁለት ጊዜ ይዞራል።

ለሦስቱ ሌሊቶች የሚሆን ቤት ፍለጋ ስዞር ማንም እሺ አላለኝም ነበር። ባለፈው እሑድ የተነከሰው ልጅ እናት በሬን አንኳኩታ ማጀቷን ልትሰጥ እንደምትችል ነገረችኝ። ልጇን አንድም ሌሊት ወደዚያ እንደማታስገባ፣ በሩንም በቁልፍ እንደምትዘጋ ነገረችኝ። ከዚያ ቆም ብላ፣ አምና ሌሊት ሌሊት ስትጮኽ እሷም አራስ እንደነበረችና እንቅልፍ አጥታ ታዳምጣት እንደነበር ነገረችኝ።

አሁን የጎደለን ጠረጴዛ ነው። የእድሩ ወንበሮች ዝቅ ያሉ ናቸው፤ ሐኪሙ ስምንት ሰዓት ጎንበስ ብለው ሊሠሩ አይችሉም። ወገብ የሚደርስ፣ የማይነቃነቅ፣ የሚታጠብ ጠረጴዛ ያላችሁ የኮተቤ አካባቢ ሰዎች እስከ ዓርብ ጠዋት ጻፉልኝ፤ ተሸካሚ ከእኛ ነው፣ ቅዳሜ ማታ አጥበን እንመልሳለን።